የተጠየቅሽውን መልሺ

መስከረም 14

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍዎ ጀምሮ እስከ ትራስዎ ይድረስ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔም እማዬም ደኅና ነን፤ የጎደለን የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው።

ጽሕፈቱን አይተው «ማን ናት ደግሞ?» ብለው ይሆናል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአጎትዎ ልጅ ነበር። እርስዎ ወደ ውጭ ሲሄዱ እኔ ገና ጥርሴን የምቀይር ልጅ ነበርኩ። «ራዲዮ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እማዬን በስልክ ላናግራቸው ስላት «እሱ የወረቀት ሰው ነው፤ በስልክ ደኅና ነኝ ብሎ ይዘጋብሻል፤ ጻፊለት» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማጠናቀቂያ ፈተና ተፈትኜ በሌላው ትምህርት ሁሉ አለፍኩ፤ በታሪክ ወደቅኩ። በታሪክ! ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው እሱን፣ መምህርት ልሆንበት ያሰብኩት እሱን። የመምህራን ማሠልጠኛው ያለ ታሪክ አልቀበልሽም አለኝ። በሰኔ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አይፈቀድም። እማዬ ባለፈው ሰሞን ሁለተኛ የልብስ ስፌት መኪና ከሰው ተውሳ አምጥታ ከራሷ መኪና ጎን፣ በመስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት። በጨርቅ ሸፍናታለች። ስለ እሷ ማንም አያወራም፤ እኔ ግን ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ታየኛለች። ስፌት ጠልቼ እንዳይመስልዎ። እጄ አይታዘዝልኝም። እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ እማዬ ተርትራ እንደገና ነው የምትሰፋው።

ፈተናው ላይ ብዙ ጻፍኩ፤ ተጨማሪ ወረቀት ጠይቄ ሁሉ ጻፍኩ። ስለ አንዲት የድሮ የንግድ ከተማ ነበር። ከአመሠራረቷ ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ዘርዝሬ እየሳቅሁ ወጣሁ። ውጤቱ ሲመጣ ውኃ በላኝ። መምህራችን የሰጡንን የናሙና ድርሰት እኮ በቃሌ ሸምድጄዋለሁ፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልሳትኩም። ታዲያ ምን ፈለጉ?

እርስዎ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ የማጠናቀቂያ ፈተናም ያርሙ ነበር ይላሉ። ተማሪዎችዎ «ጋሽ ለምን» ይሉዎት እንደነበር ሰምቻለሁ። አራሚ ምን ፈልጎ ነው የሚያነበው? እባክዎ ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ራዲዮ


ጥቅምት 9

ለልጄ ለራዲዮ፣

ፈጣሪ ዕድሜሽን እንደ ምላስሽ ያርዝመው! እናትሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ልጄ ነርስ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ ጠዋት ማታ ክንዴን እያሰረች ትለካኛለች። ለሥራዋ መለማመጃ አድርጋኛለች።

«ማን ናት» አላልኩም። እንዴት ልልሽ እችላለሁ? በእናትሽ ጠረጴዛ ሥር፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል ተቀምጠሽ ታወሪ ነበር። አንድ ቀን አባትሽን ፈልጌ መጥቼ «አባትሽ የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅሁሽ። ስለ ጎረቤት ድመት ነገርሽኝ፣ ስለሚያፈስ ጣሪያ ነገርሽኝ፣ ስለ አንዲት የጠፋች ቁልፍ ነገርሽኝ። አባትሽ የት እንደሄደ ሳላውቅ ተመለስኩ። ያን ዕለት ነው ራዲዮ ያልኩሽ፤ ራዲዮ ያወራል እንጂ አይጠየቅም።

አሁን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስንት ወረቀት እንደጨመርሽ ነግረሽኛል፣ እየሳቅሽ እንደወጣሽ ነግረሽኛል። የጎደለው ጥያቄው ነው። «ስለ ንግድ ከተማ» ርዕስ ነው፣ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው ምን ይል ነበር? ቃል በቃል ጻፊልኝ።

እኛ አራሚዎች አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጥ ነበር። የወረቀቱ ክምር ፊት ለፊትሽ ያለውን ሰው ይሸፍነዋል። ከጎኔ የሚቀመጥ አንድ ባልደረባ ነበረኝ፤ ቀይ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ «ይኸው፣ ሌላው ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ ሰጠን፤ የጠየቅነውን ግን ይዞት ሄደ» ይል ነበር። አራሚ የሚፈልገው እሱን ነው ልጄ፤ የጠየቀውን። የናሙና ድርሰት የሚሸመድዱትን ደግሞ ከሩቅ እናውቃቸዋለን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? ያ ድርሰት ለሌላ ጥያቄ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ይህን ከእናትሽ የተሻለ የሚያስረዳሽ የለም።

ስለዚህ እስክሪብቶ ከማንሳትሽ በፊት ጥያቄውን ደጋግመሽ አንብቢው። ምን አድርጊ ነው የሚልሽ? «ዘርዝሪ» ሌላ ነው፣ «አብራሪ» ሌላ ነው፣ «እስከ ምን ድረስ ትስማሚያለሽ» ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ያቺን ቃል አስምሪባት። ከዚያ በወረቀቱ ጥግ ላይ መልስሽን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊ። ያን መጻፍ ካልቻልሽ ድርሰቱንም አትጀምሪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአባቴ ዳቦ ቤት እንዴት ነው? ማን ነው የሚጋግርበት? እኔ ስሄድ የአባቴ ረዳት ተከራይቶት ነበር። የተወለድኩት ከምድጃው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ ግድግዳዋ ሁልጊዜ ሞቃት ነበር፤ ሌሎች ልጆች ሲበርዳቸው እኔ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አጠና ነበር። እዚህ ቤቱ በማሽን ይሞቃል፤ ግድግዳው ግን ቀዝቃዛ ነው። ጻፊልኝ።

ጋሼ


ኅዳር 20

ለምወድዎ ጋሼ፣

ክንድዎን የምትለካው እህቴ እጇ ይባረክ፤ እርስዎንም ፈጣሪ ከቁጥሩ በላይ ያኑርልን።

ጥያቄውን ከትምህርት ቤት ፈልጌ አገኘሁት። «ከተማዋ ለምን ተዳከመች?» ነው የሚለው። ጋሼ፣ «ለምን ተዳከመች» ነው የሚለው! እኔ እንዴት እንደተመሠረተች፣ ገበያዋ እንዴት እንደደራ፣ ግንቧ ስንት በር እንደነበረው ጻፍኩ። የሸመደድኩት ያንን ነዋ። አነበብኩት እንጂ አላየሁትም ማለት ነው። ለእማዬ ባሳያት ጉዳቱን ትታ በሳቅ ፍርስ አለች፤ «እጅጌ ስፊ ብትባል ኪስ ሰፍታ መጣች» አለችኝ።

አሁን ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሰዓት ይዤ ነው የጻፍኩት፤ እማዬ ሰዓቱ ሲያልቅ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ መታች።

የሰፈሩ ወሬ ብዙ ነው። ያስተምሩበት የነበረው ክፍል አዲስ ጥቁር ሰሌዳ ገብቶለታል፤ መስኮቱ ግን አሁንም አይዘጋም። ፀጉር አስተካካዩ ስምዎን ስጠራለት በብርጭቆ የያዘውን ሳሙና ጣለው፤ አሁንም ደንበኛ ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። የፖስታ ቤቱ ደረጃ ታድሷል። የእማዬ ጓደኛ ልጇን ዳረች። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ አቆመ።

ቶሎ ይጻፉልኝ። በማርኩም አይራሩልኝ።

ራዲዮ


ታኅሣሥ 15

ለልጄ፣

ሰላም ለቤታችሁ፣ ለመቀሱም ለመርፌውም።

ከሃያ አምስት ዘጠኝ ሰጥቼሻለሁ። አታልቅሺ፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ድረስ ያለው መንገድ ነው ከባዱ።

አንድ የማርምበት ዘዴ ነበረኝ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ድርሰቱን ከማንበቤ በፊት የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ብቻ እያነሳሁ አነብ ነበር። እነሱ ብቻቸውን ተያይዘው ለጥያቄው መልስ ከሆኑ ድርሰቱ አጥንት አለው። ያንቺን እንዲሁ አነበብኩት። «በዚያ ዘመን ብዙ ነጋዴዎች ነበሩ።» «ከተማዋ በወንዝ ዳር ትገኛለች።» «ጦርነቱ ለዓመታት ቀጠለ።» ታዲያ ከተማዋ ለምን ተዳከመች? ወንዝ ዳር ስላለች? አንቀጽሽን በምክንያት ጀምሪ፦ «ከተማዋን ያዳከማት ዋናው ነገር ወንዙ መንገዱን መቀየሩ ነው።» ከዚያ ማስረጃሽን አምጪ። ከዚያ ደግሞ «እና ታዲያ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂና ወደ ጥያቄው መልሺው። አባቴ ዳቦ ከምድጃ ሲያወጣ ገልብጦ ታቹን በጣቱ ያንኳኳ ነበር፤ ድምፁ ባዶ ባዶ ካለ በስሏል፣ ከታፈነ መሃሉ ሊጥ ነው። «እና ታዲያ» ማለት እንደዚያ ማንኳኳት ነው።

ስለ ፀጉር አስተካካዩ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እሱና እኔ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በዳቦ ቤቱ ጓሮ ገብተን የተሰባበረ ዳቦ እንለቅም ነበር። አባቴ እያየን እንዳላየ ይሆናል። ከዚያ ዱቄት ጆንያ ላይ ተኝተን የነገሥታት ታሪክ አነብለታለሁ፤ እሱ ደግሞ «ለምን እንዲህ አደረገ?» ይለኛል። እኔ አላውቀውም። ቅጽል ስሜ ከተማሪዎቼ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ከጆንያው ላይ ነው የመጣው።

ስለ ዳቦ ቤቱ ጠይቄሽ ነበር፤ በወሬ ብዛት ረሳሽው መሰለኝ። በሚቀጥለው አትርሺ።

ጋሼ


ጥር 22

ለጋሼ፣

ቀንዎ ሁሉ የተባረከ ይሁን፤ ብርዱም ይለዝብልዎ።

የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሮቹን ለብቻ እያወጣሁ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ልክ እንደ ጥርስ ሕመም ነበር፤ አሁን ለመድኩት። ሦስት አዳዲስ ድርሰት ልኬያለሁ። ማስረጃ ላይ ግን እቸገራለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በትክክል ካልታወሰኝ ምን ልበል? ሁለት መጻሕፍት የተለያየ ነገር ቢናገሩስ?

እማዬ «ይቺ ልጅ የወደቀችው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም ለካ፣ የተጠየቀችውን ሳትሰማ ነው» ትላለች። የተሸፈነችውን መኪና አቧራ ትጠርግላታለች እንጂ እስካሁን ጨርቁን አላነሳችላትም።

ሰፈሩ ደኅና ነው፤ ሁሉም እንዳለ ነው። ስለ እሱ አያስቡ። ጤናዎን ይጠብቁልኝ።

ራዲዮ


መጋቢት 25

ለልጄ፣

ሰላምና ጤና። የዘገየሁት ትንሽ ስላመመኝ ነው፤ ተሽሎኛል፤ ተይው።

ድርሰቶችሽን አርሜያለሁ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት። ዳገቱን እየወጣሽው ነው። ዓመቱ ካልታወሰሽ ግምትሽን እንደ እርግጥ አትጻፊ፤ «ከጦርነቱ በኋላ»፣ «በዚያው አሥርት ዓመት» ማለት ውሸት ከመጻፍ ይሻላል። ሁለት ምንጭ ሲጣላ ደግሞ ደስ ይበልሽ፤ አንዱን አትደብቂ። «እነ እገሌ እንዲህ ይላሉ፣ ነገር ግን» ብለሽ የቱ እንደሚያመዝንና ለምን እንደሚያመዝን ንገሪን። አምስቱ ከፍተኛ ማርኮች እዚያ ነው ያሉት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።

አሁን ወደሌላው ልምጣ። ልጄ፣ ደጋግሜ ጠየቅሁሽ። መጀመሪያ ስለ ጥቁር ሰሌዳና ስለ ሠርግ ነገርሽኝ። ቀጥሎ «ሁሉም እንዳለ ነው» አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ጥያቄ ሲሸሽ በጽሑፍ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሲኬድ አውቃለሁ። የወደቅሽው በዚህ ነው፤ የሚከብድሽን ጥያቄ ትተሽ የሚቀልሽን ትመልሻለሽ። አራሚን ደስ ለማሰኘት ብለሽ ይሆናል። አራሚ ግን እንዲራሩለት አይፈልግም።

ስለዚህ ጥያቄው ይኸው፦

«የአባቴ ዳቦ ቤት ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ለዚህስ ያበቃው ዋናው ምክንያት ምንድን ነው? በማስረጃ አስረጂ።» ከሃያ አምስት።

መልሱ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይግባ።

ጋሼ


ሚያዝያ 18

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው። እማዬ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሽማግሌ ሰው በሰው አገር ሆኖ እንዲህ ያለ ወሬ አይሰማም» ብላኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬ ነበር። አሁን ግን ጠየቁኝ። መልሱ ከዚህ በታች ነው።

የአባትዎ ዳቦ ቤት ፈርሷል። የቆመበት ቦታ ዛሬ የሰፋው መንገድ አንዱ ጠርዝ ነው፤ ለዚህ ያበቃው ግን መንገዱ ሳይሆን ወራሽ ማጣቱ ነው።

ብዙ ሰው ዳቦ ቤቱን ያጠፋው መንገዱ ነው ይላል። እውነት ነው፣ ቤቱን ያፈረሰው የመንገዱ መሐንዲስ ነው፤ ይፈርሳል ተብሎ ቀይ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ ፊት ለፊት ስለሆነ ያውቃል፦ ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ምድጃው ከቀዘቀዘ ከርሟል። የፈረሰው የተዘጋ ቤት ነው። ስለዚህ መንገዱ ሕንፃውን እንጂ ዳቦ ቤቱን አልገደለም።

ዳቦ ቤቱን ያዳከመው ሁለተኛው ነገር ከፋብሪካ በመኪና የሚመጣው ዳቦ ነው። የአባትዎ ረዳት አሁን የመጋዘን ጥበቃ ነው፤ እዚያ ሄጄ አናገርኩት። «ደንበኛው በግማሽ ቀነሰ» ብሎኛል። ይሁን እንጂ በዚሁ ሰፈር ላይኛው መንገድ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ያንኑ የፋብሪካ ዳቦ ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ይጋግራል። ያንን የሚያሠሩት የባለቤቱ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ዋናው ምክንያት ቤቱ የእኔ ነው የሚል ሰው ማጣቱ ነው። ረዳቱ «የጭስ መውጫው ተሰነጠቀ፤ የሰው ቤት በምን አቅሜ ላድስ? ለልጆቹ እንዳልጽፍ የት እንዳሉ አላውቅም» አለኝ። ከእሱ በኋላ የተከራየው ሰውም አላደሰውም። ከአባትዎ ሦስት ልጆች አንዱ ወደ ጠመኔ፣ አንዱ ወደ ጭነት መኪና፣ አንዷ ባሕር ማዶ ሄዱ። ሊጡ ውስጥ እጁን የከተተ አልተገኘም። መንገዱም የፋብሪካው ዳቦም ያገኙት ባለቤት የሌለው ምድጃ ነው።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ምክንያት ዋና ላደርግ ብዙ ሞከርኩ፤ መንገዱን ሦስት ጊዜ ወደ ላይ አመጣሁት። ማስረጃው እምቢ አለኝ።

ልጅዎ


ሰኔ 3

ለጋሼ፣

ባሉበት ሰላም ይሁኑ።

ደብዳቤ አልመጣም። ፖስታ ቤት ተመላልሼ ጠየቅሁ፤ ሠራተኛዋ ገና ከበር ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች። እማዬ «አላልኩሽም?» ለማለት አፏን ትከፍትና ትተወዋለች።

ፈተናው ነገ ነው። ካስቀየምኩዎ በእግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ስለ ማርኩ አልጠይቅም። ግን ልብዎ እንደተሰበረ እያሰብኩ እንዴት እንደምጽፍ አላውቅም። እጸልይልዎታለሁ፤ እርስዎም ይጸልዩልኝ።

ራዲዮ


ሰኔ 6

ለልጄ፣

ሰላምና በረከት ይብዛልሽ። ይህ ሲደርስሽ ፈተናሽ አልፏል። አዝናለሁ፤ ቀድሞ መድረስ ነበረበት።

ሃያ ሁለት።

ድርሰትሽ ጠረጴዛዬ ላይ ለሳምንታት ተቀምጧል። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ምን ጽፋልህ ነው?» አለችኝ። አነበብኩላት። ስጨርስ አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች፤ ከዚያ የደም ግፊቴን ለካች። ስንት ወረቀት አርሜያለሁ፣ ያስለቀሰኝ የለም። ሰነፍ ተማሪ አስለቅሶኝ ያውቃል፣ እሱ ሌላ ነው።

ሦስት ማርክ የቀነስኩበትን ላስረዳሽ። «ልጆቹ ሄዱ» ብለሽ ቆምሽ። ለምን ሄዱ? ከምክንያት ጀርባ ምክንያት አለ። ይህን ማስረጃ ልታገኚው አትችይም፣ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። ለመምህርነት ሥልጠና የተጠራሁ ዕለት አልሄድም አልኩ፤ አባቴ አርጅቷል፣ ረጅሙን የምድጃ አካፋ ሲገፋ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። እሱ እጁን ከዱቄቱ አራግፎ፣ እንደዚያው ነጭ እንደሆነ፣ ኮቴን ይዞ እየጎተተ እስከ አውቶቡሱ ወሰደኝ። «ዓይኔን የበላኝ ይህ እሳት ነው። አንተን ሲበላህ አላይም» አለኝ። ኮቴ ላይ የጣቶቹ ዱቄት ቀርቶ ነበር። ስደርስ አላራገፍኩትም።

እንግዲህ አባቴ ወራሽ ያጣው ፈልጎ ነው። ይህን ብትጨምሪ ሃያ አምስት ነበር። ያንቺ መልስ ግን በያዝሽው ማስረጃ ልክ ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ለረዳቱ አድራሻዬን ስጪልኝ። የት እንዳለሁ አላውቅም ማለቱ ከሁሉም በላይ ያመመኝ እሱ ነው።

ፈተናው እንዴት ነበር?

ጋሼ


ነሐሴ 12

ለጋሼ፣

አለፍኩ።

ይኸው መልሱ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር። ሰላምታዬ ከዚህ ይቀጥላል፦ ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ሁሉ ነገርዎ ይመርልዎ!

ጥያቄው «ትልልቆቹ የንግድ መንገዶች የተዘጉት በጦርነት ምክንያት ብቻ ነው። እስከ ምን ድረስ ትስማሚያለሽ?» የሚል ነበር። ከጎኔ ያለችው ልጅ ወዲያው መጻፍ ጀመረች። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ተቆጣጣሪው መጥቶ «አመመሽ እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ እያሰብኩ ነው» አልኩት። «ብቻ» የምትለዋን ቃል አሰመርኩባት፤ ወጥመዱ እሷ ጋ ነበር። ተጨማሪ ወረቀት አልጠየቅሁም። ስወጣ አልሳቅሁም፤ ግን የጻፍኩትን ሁሉ አውቀው ነበር።

ውጤቱን ይዤ ስገባ እማዬ ቀሚስ እየለካች ነበር። አየችኝና መርፌውን ከአፏ አውጥታ «ይቺ የተሸፈነችው መኪና ከአንቺ እጅ ተረፈች፣ ዕድለኛ ናት» አለች። ከዚያ ደንበኛዋን እንዳቆመች ትታ አቅፋኝ አለቀሰች። መኪናዋን በማግስቱ ለባለቤቷ መለሰቻት። ማሠልጠኛው ተቀብሎኛል።

ረዳቱ አድራሻዎን ደጋግሞ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ስለ ኮትዎና ስለ ዱቄቱ ነገርኩት። «እኔም ነበርኩ፤ አባቱ ሲመለስ ምድጃው ፊት ተቀምጦ ነው ያመሸው፣ እኔ ነኝ የጋገርኩት» አለኝ። ይህን ማስረጃ ደግሞ እርስዎ አልነበረዎትም።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ጋሼ፣ ይመጣሉ ወይ?

ራዲዮ


መስከረም 8

ለልጄ፣

አልመጣም።

ሰላምታውን ወደ ታች አወረድኩት፤ የጥያቄሽ መልስ መቅደም አለበት። እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አላት እናትሽን። ደብዳቤሽ ሲደርስ ጮክ ብዬ ስጮኽ ልጄ የወደቅሁ መስሏት ከሻወር በፎጣ ወጣች።

ምክንያቴን ላስቀምጥ። አንደኛው ልቤ ነው። መጋቢት ላይ «ትንሽ አመመኝ» ብዬሽ አልፌ ነበር፤ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር የከረምኩት። ሐኪሙ ረጅም መንገድ አይመከርም ብሏል። አዎ፣ እኔም ዙሪያ ጥምጥም ሄጃለሁ፤ ከፈለግሽ ማርክ ቀንሺብኝ። ነገር ግን ማስረጃውን ሙሉውን ካቀረብኩ፣ ሐኪሙ «አይመከርም» ነው እንጂ «አይቻልም» አላለም። ልጄ አብራኝ ከሄደች፣ መሃል ላይ ካረፍን፣ ይሆናል ብሏል። ስለዚህ ይህ ምክንያት ግማሽ ምክንያት ነው።

ማንን አገኛለሁ? የሚለውም አለ። የማውቃቸው አብዛኞቹ ሞተዋል። ፀጉር አስተካካዩ ግን አለ፤ ረዳቱም አለ። ያን ምሽት የነገረሽን ከራሱ አፍ ብሰማው እወዳለሁ፤ አባቴ ከአውቶቡሱ ተመልሶ ምን እንዳደረገ ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቅ ነው የኖርኩት።

ዋናው እንግዲህ ሌላ ነው። ዋናው ፍርሃት ነው። እስካልመጣሁ ድረስ ያ ቤት አለ። መፍረሱን አውቃለሁ፣ ሃያ ሁለት ሰጥቼበታለሁ፤ ቢሆንም ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ አባቴ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ዳቦ ያንኳኳል። መጥቼ አስፋልቱ ላይ ከቆምኩ እሱንም የማጣው ይመስለኛል።

እና ታዲያ?

እዚህ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ይህን ምክንያት ተማሪ ቢያመጣልኝ «ማስረጃሽ የት አለ?» እላታለሁ። ማስረጃው በተቃራኒው ነው። መፍረሱን ካነበብኩ ወራት አለፉ፤ አባቴ ዛሬም ጠዋት መጥቶ ነበር። እንዲያውም ካንቺ ድርሰት በኋላ ይበልጥ ቀርቦኛል፤ ኮቴን ሲይዘኝ የጣቱ ጉልበት ይሰማኛል። ማንንም ምንንም አላጣሁም።

ተማሪዎቼ መሃል ላይ ማስረጃው ሲገለበጥባቸው፣ የጀመሩትን ላለማፍረስ ብለው የማያምኑበትን እስከ መጨረሻው ይጽፉ ነበር። «ሰርዙት» እላቸው ነበር። «በአንድ መስመር ሰርዙና ትክክለኛውን ጻፉ፤ ስለተሰረዘ ማርክ የቀነሰ አራሚ የለም» እላቸው ነበር። ይህን ስላቸው ስንት ዓመቴ እንደነበር እንጃ፤ ለራሴ ብዬው ግን አላውቅም።

ስለዚህ ወደ ላይ ተመልሼ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሰርዣለሁ። እንዲነበብ ብዬ በቀጭን መስመር ነው የሰረዝኩት።

ታኅሣሥ ላይ እመጣለሁ። ልጄ ፈቃድ ጠይቃለች። መጀመሪያ ቀን ወደ ማንም ቤት አትውሰጂኝ፤ ቀጥታ ወደዚያ መንገድ እንሂድ። መንገዱ እስከ የት እንደሰፋ አንቺ ታሳይኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ምድጃው የት እንደነበረ አሳይሻለሁ።

ጋሼ